ከሞቱ በኋላ የተቀጡ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ እንጅባራ ከተማ ከመድረስዎ በፊት፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ዘንገና ሐይቅ ይገኛል። በባንጃ ወረዳ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ፣ ዙሪያውን በዛፍ የታጠረ ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ እንደሆነ ይነገራል። እዚያ ዳር ከአንድ የታሪክ መምህር ወዳጄ ጋር ስንጨዋወት ወሬያችን ወደ 1933 ዓ.ም. ሄደ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ዓመት ጥር ወር በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው፣ ከበላያ ተነስተው፣ ይህንኑ የአገው ምድር አቋርጠው ነበር ወደ ቡሬና ወደ ደብረ ማርቆስ ያለፉት። ወዳጄ «እንግዲህ በዚህ በኩል አልፈው ዙፋናቸውን ያስመለሱት ሰው ናቸው ከ34 ዓመት በኋላ ከመጸዳጃ ቤት ሥር የተቀበሩት» አለኝ። ቀጥሎም «ሰውየው ሞተዋል። ሬሳ ምን ያውቃልና ነው የሚቀጣው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአገራችንን ታሪክ ለሚያገላብጥ ሰው ደጋግሞ የሚመጣ ነው። ሙት ወቃሽ መሆንን የሚጸየፍ፣ «ቀባሪ አያሳጣኝ» እያለ የሚጸልይ ሕዝብ፣ ገዢዎቹ በሙታን ላይ የፈጸሙትን ሲቆጥር ረጅም ዝርዝር ያገኛል። እኔ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ጥንት ሬሳ የሚቀጣው በማሳየት ነበር፤ በዘመናችን ግን በመደበቅ ሆነ። ሁለቱም የሚመቱት ሟቹን ሳይሆን የሚያለቅስለትን ሰው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሮም እ.ኤ.አ. በ897 ጳጳስ እስጢፋኖስ ስድስተኛ የቀዳሚያቸውን የፎርሞሱስን ሬሳ ከመቃብር አስወጥተው፣ ልብሰ ጵጵስና አልብሰው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ችሎት አቁመውታል። ተፈረደበት፤ ይባርክባቸው የነበሩት ጣቶቹ ተቆረጡ፤ ኋላም ቲቤር ወንዝ ውስጥ ተጣለ። እንግሊዞችም ኦሊቨር ክሮምዌልን ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1661 ከመቃብር አውጥተው ሰቅለውታል። ራሱ በዌስትሚንስተር አዳራሽ ጣሪያ ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ ኖረ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1960 በካምብሪጅ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተቀበረ። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የፈጀ ቀብር ማለት ነው።

በራስ የተከፈለ ዕዳ

ወደ አገራችን እንምጣ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ውስጥ የአዳሉ ሱልጣን በድላይ አወዳደቅ ተጽፏል። በታኅሣሥ 1438 ዓ.ም. ጎሚት ላይ ድል ሆኖ ሲሞት ራሱ፣ እጁና እግሩ ተለያይተው ወደ ተለያዩ የግዛቱ ማዕዘናት ተላኩ፤ ከእነዚህ አንዱ አክሱም ነበር። ጋዜጣም ሬዲዮም ባልነበረበት ዘመን ይህ ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ ዜና ማሰራጫም ነበር። ጠላት ሞተ የሚለውን ወሬ የሰማ ሁሉ አያምንም። የተቆረጠ ራስ ግን ክርክር አያስነሳም።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ እንደ ዕዳ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። በ1534 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብራሂም (በተለምዶ ግራኝ አሕመድ) ለዐፄ ገላውዴዎስ እርዳታ የመጣውን የፖርቱጋል ጦር አዛዥ ክርስቶቫኦ ዳ ጋማን ማርኮ አንገቱን ቆረጠው። በጦርነቱ የተሳተፈው ካስታንሆዞ ደሙ በፈሰሰበት ቦታ ፈዋሽ ምንጭ ፈለቀ ብሎ ጽፏል። በዓመቱ፣ በ1535 ዓ.ም. ኢማሙ ራሱ ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። ራሱን ቆርጦ ለንጉሡ ያቀረበ አንድ የጦር አለቃ ሽልማት ሲጠብቅ፣ ከራሱ ላይ አንድ ጆሮ እንደሌለ ታየ፤ ጆሮዋ የተገኘችው ቀድሞ በደረሰ ፖርቱጋላዊ ኪስ ውስጥ ነው ይላሉ የፖርቱጋል ጸሐፊዎች። ያም ሆነ ይህ ራሱ በእንጨት ላይ ተሰክቶ በየአገሩ እንዲዞር ተደረገ። ሕዝቡ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የነበረ ሰው ነውና፣ መሞቱን በዓይኑ ማየት ነበረበት።

የኢማሙ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ ከወይና ደጋ አምልጣ ሐረር ገባች። በትውፊት እንደሚነገረው የባሏን ደም ለሚመልስላት ሰው ሚስት ለመሆን ቃል ገባች፤ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድም አገባት። ደሙን የመለሰው ደግሞ በመጋቢት 1551 ዓ.ም. በሰሞነ ሕማማት ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በጦርነቱ ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ፤ በዚያም በግንድ ላይ ሦስት ዓመት ተሰቅሎ ቆየ። የቀረው አካላቸው ተድባበ ማርያም ተቀበረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ። ነጋዴዎች ራሱን በገንዘብ ገዙት። ገዝተውም እስከ አንጾኪያ ድረስ ወሰዱት፤ በስሙ በሚጠሩበት በሰማዕቱ ቅዱስ ገላውዴዎስ መቃብር ቀበሩት። ለአንድ የደረቀ ራስ ብር ከፍሎ፣ ባሕር አሻግሮ፣ አገር አቋርጦ መቅበር! ራሱ ሐረር ላይ ሲሰቀል ክርስቲያኖችን ለማስደንገጥ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ንጉሡን ከሰማዕት ጎን አሳደራቸው። በሦስት ዓመት የአደባባይ ውርደት ማንም ከዚህ የበለጠ ክብር ሊያገኝ አይችልም።

ኦምዱርማን ሁለት ጊዜ

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በድል አፋፍ ሳሉ በጥይት ተመትተው ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዘው ወደ ኋላ የሚመለሱትን ታማኞቻቸውን ደርቡሾች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው። በዚያ የተደረገው ውጊያ ስለ መሬትም ስለ ዙፋንም አልነበረም፤ ስለ ሬሳ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲከላከሉ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ ኸሊፋ አብዱላሂም በአደባባይ አሳየው። የደርቡሾቹ እስረኛ የነበረው ኦስትሪያዊው ስላቲን ፓሻ ይህን ጉዳይ በመጽሐፉ መዝግቦታል። ከአራት ዓመት በፊት የጄኔራል ጎርደንን የተቆረጠ ራስ አምጥተው ያሳዩት ለዚሁ ሰው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አልፎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1898 እንግሊዞች ያንኑ ከተማ ያዙ። አዛዡ ኪችነር የማህዲውን መካነ መቃብር አስፈረሰ። አጥንቱን አስወጥቶ ወደ ዓባይ ጣለው፤ የራስ ቅሉን ግን አስቀረ። ለቀለም መያዣ ይሁን ለመጠጫ ይሁን የሚል ወሬ ለንደን ሲደርስ ንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀሩ ተቆጡ፤ ቅሉም በስተኋላ ዋዲ ሐልፋ ተቀበረ። የአንድ ከተማ ሕዝብ በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ የንጉሥ ራስ ሲዞር አየ፣ የራሱ መሪ አጥንት ወንዝ ሲጣልም አየ። «ሥልጡን» እና «አረመኔ» የሚባለው ክፍፍል እዚህ ላይ ብዙም አይሠራም።

ጣሊያኖችም በወረራቸው ዘመን ከዚህ አልራቁም። የዋጉ ሹም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ራሳቸው ተቆርጦ በሰቆጣና በቆረም ታየ። ይህ ታሪክ ለአዊ ሰው ሩቅ አይደለም። ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ ዚገምና መተከል ተብለው የሚጠሩት ሰባቱ የአገው ቤቶች ከዚያው ከዋግና ከላስታ በኩል እንደመጡ በትውፊት ይተረካል። ኢጣሊያ ያመጣው አዲስ ነገር ካሜራ ነው። ድሮ ራስ በእንጨት ላይ ተሰክቶ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር፤ አሁን ፎቶግራፉ ዞረ።

በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ በባዕድና በጥንት ዘመን ላይ ጥሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ሲከሽፍ ከመሪዎቹ አንዱ ገርማሜ ንዋይ እጁን ላለመስጠት ራሱን ገደለ። አስከሬኑ ግን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአደባባይ ተሰቀለ። አንድን ሰው ከሞተ በኋላ መስቀል ምን ማለት ነው? ከፍርድ አምልጦ ነበርና ፍርዱ ተከትሎት ሄደ ማለት ነው። ወንድሙ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በሕይወት ተይዘው፣ ችሎት ቆመው፣ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ በስቅላት ሞቱ። ያኔ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

መደበቅ

ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 የሚሆኑ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከእነዚህም ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ። ግድያውን ራሱ በሬዲዮ አወጀ፤ ሬሳዎቹን ግን ለቤተሰብ አልሰጠም። በዚያው በከርቸሌ ግቢ በአንድ ጉድጓድ ተደፉ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእስር ላይ እያሉ ሞቱ። መንግሥት በማግስቱ በሕመም እንደሞቱ ገለጸ፤ በኋላ የቀድሞ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ግን ታፍነው መገደላቸው በክስ ቀረበ፣ ፍርድም ተሰጠበት። ቀብር አልነበረም፤ ፍትሐት አልነበረም፤ መቃብሩም አልተነገረም።

ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ይህም ለዓመታት ተደብቆ ኖረ። መደበቁ ያስከተለውን ነገር እንመልከት። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕጋዊው ፓትርያርክ በሕይወት እያሉ ሌላ አይሾምም በማለት አዲሱን ፓትርያርክ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን አልተቀበለችም። ያልተነገረ ሞት አንድን ሰው በሰነድ ላይ ሕያው አድርጎ ያቆየዋል። በጃማይካም እንዲሁ ነው። ብዙ ራስ ተፈሪያውያን የንጉሡን ሞት አልተቀበሉም፤ ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1975 «ጃህ ሊቭ» የሚለውን ዘፈኑን ያወጣው የሞታቸው ዜና በተሰማ ጊዜ ነው። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፤ ታዲያ መሞታቸውን በምን ይመኑ?

ዘርዐ ያዕቆብ የበድላይን አካል እስከ አክሱም የላከው ሰው ሁሉ እንዲያምን ነበር። ደርግ ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር የደበቀው ግን መቃብሩን ሰው እንዳይሳለመው ነው። የመጀመሪያው የሚፈራው ሕያው ሆኖ የሚመለሰውን ጠላት ነው፤ ሁለተኛው የሚፈራው ደግሞ መቃብሩን።

ለወጣቱ ግን ደርግ የቀድሞውን ዘዴ አልተወውም ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉት ልጆች ሬሳ ወረቀት ተለጥፎበት በየመንገዱ ተጥሎ ያድር ነበር። እናት የልጇን ሬሳ ለማንሳት የጥይት ዋጋ ከፈለች፤ ማልቀስ ተከለከለች። ለቅሶ ለእኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ድንኳን፣ ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማኒያ፣ ሙት ዓመት፤ እነዚህ ሁሉ የሚቆጠሩት ከቀብር ቀን ጀምሮ ነው። የቀብር ቀን የሌለው ሰው አርባው መቼ ይወጣል? ወዳጄ ሬሳ ምን ያውቃል ብሎ ለጠየቀኝ፣ ከሁሉ ይልቅ የምመልስለት ይህን ነው። በአሁኑ ጊዜ ስድሳና ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ወንድማቸው ወይም እኅታቸው የት እንደወደቀ ሳያውቁ የሚኖሩ ሰዎች በየከተማችን አሉ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ አፈሩ ተቆፈረ። በየካቲት 1984 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አጽም ከታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ወጣ። የባለሥልጣናቱም አጽም ከጅምላው ጉድጓድ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አረፈ። አቡነ ቴዎፍሎስ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ተቀበሩ። ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ለማሰባሰብ ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ ባለሙያዎችም አጥንት በማውጣትና በመለየት ረድተዋል። እነዚህ ሰዎች ሙያውን የተማሩት በገዛ አገራቸው በወታደራዊው መንግሥት የተሰወሩትን ሲፈልጉ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ወዲያው አልተቀበሩም። አጽማቸው ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት በበዓታ ለማርያም ስምንት ዓመት ተቀመጠ። ቀብራቸው የተፈጸመው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ያውም የመንግሥት ቀብር ሳይሆን በቤተ ክርስቲያንና በቤተሰብ። የወቅቱ መንግሥት የንጉሡን ዘመን የሚነቅፍ መግለጫ አውጥቶ ነበር። በካቴድራሉ ውስጥ ከእቴጌ መነን አጠገብ ባለው የድንጋይ ሣጥን ውስጥ ያረፉት ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በስምንቱ ዓመት ውስጥ የነበረው መዘግየት ቅጣት ነው ወይስ ቸልታ? እኔ በከፊል ቅጣት ነው ባይ ነኝ። ይህን የሚያስተባብል ሰው፣ ቀብሩ ቀለል ያለና የተለመደ ጉዳይ ከነበረ ለምን ስምንት ዓመት እንደፈጀ ያስረዳኝ።

ሌላም የሚያነጋግር ነገር አለ። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን አጥንትና የራስ ቅል በመስታወት ውስጥ ያሳያል። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ምስክር እንዲሆን ነው፤ የጎበኘ ሁሉ ዝም ብሎ አይወጣም። ሆኖም እዚያ የተደረደረው አጥንት አልተቀበረም። የሟች ወገን ከሆኑት ውስጥ ይህን እንደ ክብር የሚያየው እንዳለ ሁሉ፣ ልጄ አፈር ይልበስ የሚልም መኖሩ አይቀርም። እኔ ሁለቱንም መስማት እችላለሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 493 የሙታንን ሰላምና ክብር መንካትን ወንጀል አድርጎታል። አንቀጽ 117 ደግሞ የሞት ቅጣት በአደባባይ እንዳይፈጸም ይከለክላል። ስለዚህ በ1953 ዓ.ም. የተደረገው ዛሬ በሕግ ወንጀል ነው። ነገር ግን ከአዊ ዞን በስተምዕራብ በሚዋሰነው በመተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ፣ በ2014 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። የጸጥታ ኃይል ልብስ የለበሱ ሰዎች የተገደሉ ሰዎችን ሬሳ ሲያቃጥሉ፣ አንድ ሰው ደግሞ በሕይወቱ እሳት ውስጥ ሲጨምሩ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ድርጊቱ መፈጸሙን አረጋገጠ፤ መንግሥትም አውግዞ እርምጃ እወስዳለሁ አለ። ቀራጮቹ እነርሱው፣ አሳዪዎቹም እነርሱው ነበሩ።

እስከ ዛሬ ያልተመለሱም አሉ። ልጅ ኢያሱ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ የት እንደተቀበሩ አሁንም ያከራክራል። አቡነ ጴጥሮስን ጣሊያኖች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረሽነው ሬሳቸውን የት እንዳደረሱት አይታወቅም፤ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ግንባታ ተነስቶ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው ሐውልታቸው የሚቆመው ያለ መቃብር ነው። መቅደላ ላይ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉት ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ላይ እንግሊዞች የቆረጡት ጸጉር በለንደን ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ተቀምጦ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን አልተመለሰም። በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 ሊድስ ላይ ሞቶ በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2007 አጽሙን ጠይቆ ነበር። ቤተሰቡ ዳግመኛ ሲጠይቅ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ፣ የእርሱን አጽም ማውጣት በአቅራቢያው ያረፉትን የብዙ ሌሎች ሙታን ዕረፍት ሳይረብሹ አይቻልም የሚል ነበር።